ሰባተኛው ጥያቄ

ቤቴል አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ከተወች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ቆማ ትበላለች፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትንጎራደዳለች፣ ተኝታም ጥርሷን ታፋጫለች። ምን ታድርግ? አምስት ዓመት የለፋችበት የሶሻል ወርክ ዶክትሬት ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ያን ቀን ባዶ እጇን ከቀረበች ከፕሮግራሙ ትሰናበታለች።

የምታጠናው ልጆቻቸው ስፖንሰር አድርገው ቶሮንቶ ያመጧቸውን አረጋውያን ብቸኝነት ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ አሥራ አንድ እናቶችና አባቶች አነጋገረች። ሰባተኛው ጥያቄ "ብቸኝነት ይሰማዎታል?" ይላል። አሥራ አንዱም፣ ተማክረው የመጡ ይመስል፣ "ጌታ ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ" አሉ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ማማረር ምስጋና ቢስነት ነው፤ ይህን ደግሞ ቤቴል ማወቅ ነበረባት፣ እዚያው ነዋ ያደገችው። አማካሪዋ ውጤቱን አይታ "ሁሉም ደስተኛ ከሆኑ ጥናቱ ለምን አስፈለገ?" ብላ ጻፈችላት። እውነቷን ነው።

አሥራ ሁለተኛዋ እማማ ኤልፍነሽ ነበሩ። ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው ከሰላሙ ጋር ይኖራሉ፤ መንታ የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ቤቴል የፈቃዱን ወረቀት አስፈርማ ስልኳን ሪከርድ ላይ አደረገች። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እማማ ፈገግ አሉ።

"ተመስገን ነው ልጄ። ልጅ አለኝ፣ ቤቱም ሙቅ ነው።"

ቤቴል ወረቀቷን ሰበሰበች። እማማ ግን እንግዳ ሳይጸልዩለት አይሸኙምና እጇን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አባት ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ፎቅ ብቻዬን ወርጄ አላውቅም። ልጄ እንዳልጠፋ ብሎ ቁልፍ አልሰጠኝም። ረቡዕ ረቡዕ እህቶቼ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሲጸልዩ፣ እኔ በመስኮት አውቶቡሱን አያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው እንጂ... ይህችንም ልጅ አሳርፋት፤ ከገባች ጀምሮ ሰዓቷን ነው የምታየው።"

ቤቴል አሜን ብላ ዓይኗን ስትገልጥ ስልኩ አሁንም ይቀዳል።

ቤቷ ገብታ ደጋግማ ሰማችው። ያጣችው ነገር በእጇ ገባ። ደስ አላት፤ በደስታዋ ደግሞ አፈረች። እማማ ፈርመዋል፣ ደንቡ አይከለክላትም። ግን የፈረሙት ለእሷ ነው፣ የተናገሩት ለእግዚአብሔር። ሁለት ቀን ከሳሎን ኩሽና ስትመላለስ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሳ ሄደች።

"እማማ፣ ጸሎትዎን ሳላስበው ሪከርድ አድርጌዋለሁ። እንድጠቀምበት ይፈቅዱልኛል? ስምዎ አይጻፍም።"

እማማ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ መንታ የምታሳድግ ስንት አሮጊት አለች?" አሉ። "ሰላሙ ክፉ አይደለም፣ ፈርቶልኝ ነው። ገበናዬን አደባባይ አታውጪብኝ።"

ቤቴል እያዩዋት ቅጂውን ከስልኳ አጠፋችው። አምስት ዓመቷ አብሮ የጠፋ መሰላት፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እማማ ተቀመጪ ቢሏት መቀመጥ አልቻለችም።

"ይነሱ እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ" አለች። "ዛሬ ረቡዕ ነው።"

መንትዮቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ሰላሙ ጋ ኮል አድርጋ ነገረችው፤ ትንሽ አንገራገረና "እሺ፣ ስትመለሱ ቤት እጠብቃችኋለሁ" አለ።

አውቶቡሱ ላይ የመሳፈሪያ ካርዱ ማሽኑን እንዴት እንደሚነካ፣ ለመውረድም የደወሉ ገመድ እንዴት እንደሚሳብ አሳየቻቸው። እማማ "እንዲህ ነው?" ብለው ወዲያው ሳቡት። ሾፌሩ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ቆመ፤ ቤቴልም ለሾፌሩ ማስረዳቱ አሳፍሯት አብራቸው ወረደች። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሩቅ ነበር።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ብለው እማማ ሳቁ። ሁለት ዓመት በመስኮት ያዩትን ጎዳና ወደ ላይና ወደ ታች ቃኙት። ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።

"እስቲ ያን ሰባተኛውን ጥያቄሽን ድገሚልኝ።"

"ብቸኝነት ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል" አሉ። ተመስገን አላሉም። "ይህን ጻፊው። የቁልፉን ነገር ግን ተዪው።"