ሁለት መስመር ስፌት

ልጅቷ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤት ቀሚሷ አልዘጋ አላት። እናትየው ዚፑን ሁለት ጊዜ ጎተተችው፤ ወገቧ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«እሰይ! ሥጋ መልበስ ጀምራለች ማለት ነው» አለች። «ሰኞ ትምህርት ቤት ስለምትመለስ ጎኑን ልልቀቅላት። እስቲ ምላጭ አቀብሉኝ።»

አባትየው ልብስ ሰፊ ነው። ከቤታቸው ሁለት በር አልፋ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ ኖሯል። ሚስቱ ምላጭ ስትል የያዘውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ተይው፣ ሱቅ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ለዚህች ለዚህች? እኔ እፈታዋለሁ፣ አንተ ትሰፋዋለህ።»

ቀሚሱ ቢገለበጥ ውስጡ ሁለት መስመር ስፌት አለ። ከመታመሟ በፊት በነበረው ወር ልጅቷ ሱቁ ድረስ መጥታ «አባዬ፣ ቀሚሴ እየወረደ አስቸገረኝ» አለችው። ለካና በሁለት ጣት አጠበበላት። አሥራ ሁለት ቀን ቆይታ ደግሞ መጣች። «አንቺ ድንቢጥ፣ ምሳሽ ንፋስ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደባትና እንደገና በሁለት ጣት ያዝ አደረገው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ በሥራው ረክቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ እየሸተተ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሞቹ ስኳር ነው አሉ። አራት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በሰዓት ነው። የልጅቷን ጣት የምትወጋው እናትየው፣ ደብተር ላይ የምትጽፈው እናትየው፣ ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አውጥታ የምትሞላው እናትየው። ከምትሠራበት ፖስታ ቤት ፈቃድ ወስዳለች፤ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ለጠያቂ ሁሉ ያንኑ ትናገራለች፦ «ውሃ ውሃ ስትል እኔ ደግሞ ጭማቂ እየገዛሁ አጠጣኋት። በዚህ በእጄ!» ሰፊው አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ሲል ሃያ አንድ ቀን አለፈ።

አሁንም ቢሆን ቀላል ነበር። ሱቅ ቢወስደው ሁለቱንም ስፌት በአሥር ደቂቃ ይፈታል፣ ምልክቱን በካውያ ያጠፋዋል። ልጅቷ እንደሆነች ረስታዋለች።

ሶፋው ላይ የሚስቱ እህት እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ጠዋት ልትጠይቅ መጥታ መሄዱን ረስታዋለች፤ ምላሷ ቁልፍ የለውም።

«እኔን የሚገርመኝ» አለች፣ «እናት ሆነሽ፣ ልጅ ፊትሽ እንደ ሻማ ስትቀልጥ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ? ቀድሞ ነበር እንጂ…» ተረቱን ሳትጨርሰው ተወችው፤ ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል።

እናትየው አልተቆጣችም። ልክ ነሽ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ሰፊውን ያላስቻለው ይህ ነበር።

«እኔ አይቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መክሳቷን። ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ። ገልብጪው።»

ገለበጠችው። አውራ ጣቷን በአንደኛው መስመር ላይ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ላይ አስኬደች።

«ሁለተኛው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«የወደቀችው ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«በጠቅላላው ስንት ይሆናል?»

«አራት ጣት።»

«አራት ጣት ሙሉ ከልጄ ላይ ሲጠፋ አንድ ቃል አትነግረኝም?»

«ያን ጊዜ ወሬ የሚሆን አልመሰለኝም፤ ቀሚስ ነው ብዬ። ከዚያ በኋላ ደግሞ…» ሰፊው እጆቹን አየ። «ጥፋቱን ለብቻሽ ስትወስጂው ዝም አልኩ። ቀለለኝ።»

«እንግዲህ ወንድ ምን ያውቃል…» ብላ አክስትየው ጀመረች።

«አንቺ ዝም በይ» አለች እናትየው፣ ድምጿን ሳታነሳ።

ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ፤ ከምሳ በፊት የሚወጋው መርፌ ሰዓት ነው። ልጅቷ ከመኝታ ቤት መጥታ ሸሚዟን ከሆዷ ላይ ሰበሰበች። እናትየው ጣቷን ወግታ ለካች፣ ጻፈች፣ መርፌውን ሞላች። ከዚያ ለባሏ ዘረጋችለት።

«እጅህን ታጥበህ ና።»

«እኔ?»

«ሃያ ዓመት መርፌ ይዘህ የለ?»

«አባዬ፣ መጨረሻው ላይ ቋጠሮ እንዳታስርብኝ» አለች ልጅቷ፤ በቀልዷ የሳቀችውም ራሷ ብቻ ነበረች።

ሰፊው እጁን ታጥቦ መጣ። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ ወጋ፣ እንደተነገራቸው እስከ አሥር ቆጥሮ ነቀለ። እናትየው እስኪጨርስ ቆማ ተመለከተች። ከዚያ በሩ አጠገብ ካሉት ጫማዎች የራሷን መርጣ አጠለቀች።

«ወዴት ነው?»

«በእግሬ ትንሽ ልሂድ። ካልተመለስኩ የማታውንም አንተ ነህ የምትወጋት፤ ልኩ ደብተሩ ላይ አለ።»

«ልከተልሽ?» አለች አክስትየው ከሶፋው እየተነሳች።

«ብቻዬን ነው የምሄደው።»

በሩ ተዘጋ። ሰፊው ለልጁ ምሳዋን አቀረበላትና ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያዘ።