ስሟን የቆለፈች አጫራች

ሮዊና ቲቤትስ አፏን ስትከፍት የብሌክሊ ከተማ ከብት ነጋዴ ሁሉ ጆሮውን ይሰጣታል። ሐሙስ ሐሙስ ከጨረታው አዳራሽ ከፍ ካለው ሰገነት ላይ ቆማ፣ ወይፈንና ጊደሩ ከበታቿ በአጥሩ ውስጥ ሲዞር፣ ዋጋውን ትንፋሽ ሳትሰበስብ ታንበለብለዋለች። እንግዳ ሰው አንዲት ቃል አይለይም፤ ገበሬዎቹ ግን አንዲት ቁጥር አታልፋቸውም። እሷም ብትሆን ኮፍያውን የነካውን፣ ቅንድቡን ያነሳውን፣ ጣቱን ከኪሱ ያወጣውን ሁሉ ታያለች። በአካባቢው ሴት አጫራች ከእሷ በፊት አልነበረም። መጀመሪያ የሳቁባት ሰዎች አሁን ከብታቸውን ሌላ ሰው እንዲያጫርትላቸው አይፈልጉም።

የአዳራሹ ባለቤት ሽማግሌው ክሩገር ጉልበቱ ከድቶት ንብረቱን ሊሸጥ ሲያስብ መጀመሪያ የነገረው ለእሷ ነበር። ሮዊና ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያጠራቀመችው ነበራት፤ የጎደለውን ባንክ ይሞላልኛል ብላ፣ ንጹሕ ሸሚዟን ለብሳ፣ ቦት ጫማዋን ወልውላ ሄደች።

የባንኩ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው ነው። ኮምፒውተሩን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። በስሟ ሦስት ክሬዲት ካርድና አንድ የቤት ዕቃ ብድር እንዳለ፣ ማንም ሳይከፍላቸው ዓመት እንዳለፋቸው፣ እንዲህ ያለ የብድር ታሪክ ላለው ሰው ማበደር እንደማይችል እያፈረ ነገራት። ሮዊና ሳቀች። ሶፋዋን የገዛችው ባሏ በሕይወት ሳለ እንደሆነ፣ ካርድ ደግሞ ከአንድ በላይ ይዛ እንደማታውቅ ነገረችው። የሆነ ስህተት አለ፣ ይስተካከላል አለችው።

ሰውየው የሂሳብ መግለጫው የሚላክበትን አድራሻ ሲያነብላት ግን ሳቋ ቆመ። በየገናው የመልካም ምኞት ካርድ የምትልክበት አድራሻ ነበር። የእህቷ የማርሊስ ቤት።

አመስግናው ወጣችና ፒክአፗን አስነስታ በቀጥታ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ነዳች። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ የስንዴው ማሳ በበረዶ ተሸፍኗል። ማርሊስን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው የሞተችው ማርሊስ ገና ጥርሷን ስትቀይር ነበር፤ ፀጉሯን ያበጠረችላት፣ ቤዝቦል ጨዋታዋ ላይ ተገኝታ የጮኸችላት፣ ስታገባ የዳረቻት፣ ስትፈታም ዕቃዋን የጫነችላት ሮዊና ናት።

ማርሊስ በሩን ከፍታ የእህቷን ፊት እንዳየች ነገሩ ገባት። አልካደችም። ባሏን ከፈታች በኋላ ከከተማው ዳር ያለው ቁማር ቤት መግባት እንደጀመረች፣ የራሷ ካርድ ሲያልቅ በእህቷ ስም እንዳወጣች ቁጭ ብላ ተናገረች። ብድር የሚጠይቅ ሁሉ የሚጠየቀውን መለያ፣ የሮዊናን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የልደት ቀኗንማ ማን ይጠይቃታል።

«ለካርድ ድርጅቱ ስደውል ሰውየው ማንነቴን ለማረጋገጥ የእናትሽ የአባቷ ስም ማነው አለኝ» አለች ማርሊስ። «ነገርኩት። መዋሸት እንኳን አላስፈለገኝም።»

ሮዊና ነገሩን አሰላችው። ካርድ ቢሰረቅ ይሰረዛል፣ ቁልፍ ቢጠፋ ይቀየራል። የእናቷን ስም ግን በምን ትቀይረዋለች?

«ፖሊስ ልትጠሪብኝ ነው?» አለች ማርሊስ።

«አላውቅም። ገና አልጨረስኩም።»

«ምኑን?»

«መናደዱን።»

በማግስቱ የወረዳው ፖሊስ አለቃ ሸሪፍ ዳንክ ዘንድ ሄደች። አብሯት የተማረ፣ ትምህርት ቤት ሳሉ የሒሳብ የቤት ሥራ ከእሷ ይገለብጥ የነበረ ሰው ነው። የእህቷን ስም ሳታነሳ ነገሩን አጫወተችው። ዳንክ በሌሎች ግዛቶች ስለወጣ አዲስ ሕግ ሰምቶ ነበር። ሰው ሁሉ የብድር ታሪኩን ለሚይዙት ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፎ ፋይሉን ማስቆለፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በስሙ አዲስ ብድር ልክፈት የሚል ሌባ ቢመጣ፣ አበዳሪው ፋይሉን ማየት ስለማይችል በሩን ይዘጋበታል። ባለቤቱ ራሱ መበደር ሲፈልግ በምስጢር ቁጥሩ ያስከፍተዋል። የእነሱ ምክር ቤት አባል አይቫር ሶልበርግም ይህንኑ የሚመስል ረቂቅ አቅርቧል። ግን የሶልበርግ ረቂቅ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ማስቆለፍ የሚችለው መሰረቁን በፖሊስ ያስመዘገበ ሰው ብቻ ነው።

«ስለዚህ ስሙን ንገሪኝና አሁኑኑ ልመዝግብልሽ» አላት።

«ስሙን እያወቅኩ ባልነግርህስ?»

ዳንክ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው በሕጉ ዓይን ምንም አልደረሰብሽም ማለት ነዋ።»

ሮዊና ቅዳሜ ሶልበርግ እርሻ ሄደች። ሽማግሌው በሳምንቱ መጨረሻ ከምክር ቤት እየተመለሰ ጥጆቹን ራሱ ነው የሚያበላው። ድርቆሹን እየበተነ አዳመጣት። ረቂቁ ጠቦ የተጻፈው ባንኮቹና ድርጅቶቹ ከዚያ በላይ አንቀበልም ስላሉ እንደሆነ፣ ሰፋ ካደረገው ጨርሶ ሊጥሉበት እንደሚችሉ ነገራት። ትንሽም ቢሆን ይዞ መውጣት ይሻለዋል።

«ትንሿን የሚያገኘው ማነው?» አለችው። «የማያውቀው ሰው የሰረቀው ነው። እሱማ ሮጦ ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል። ልጇ የሰረቃት እናት ግን አትሄድም፣ አቶ ሶልበርግ። ሚስቱ የሰረቀችውም አይሄድም። ደግሞ እነሱን የሰረቃቸው ሰው ነገም ቁጥራቸውን ያውቃል፣ ከነገ ወዲያም ያውቃል። ከሁሉ በፊት ቁልፉ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነበር።»

ሶልበርግ ሥራውን አቁሞ ትክ ብሎ አያት። «አንቺን የሰረቀሽ ማነው፣ ልጄ?»

ሮዊና ጎንበስ ብላ የቀረውን ድርቆሽ ለጥጆቹ በተነች፤ እሱም ደግሞ አልጠየቃትም። ማክሰኞ ረቂቁን የሚመረምረው የምክር ቤቱ ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት ስለሚሰማ መጥታ ይህንኑ እንድትናገር ነገራት። እሱ ረቂቁን አይነካውም፤ እሷ ኮሚቴውን ማሳመን ከቻለች ግን መንገድ አይዘጋባትም።

ቤቷ ስትመለስ ለማርሊስ ደወለችላት። ስሟን ሳትጠራ ምክር ቤት ቀርባ እንደምትናገር ብቻ አሳወቀቻት። ማርሊስ እሺ ብላ ዘጋች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሸሪፍ ዳንክ ደወለ። «እህትሽ እኔ ዘንድ ናት። ብትመጪ ጥሩ ነው።»

ሮዊና ስትደርስ ማርሊስ የወረቀት ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ሁሉንም ተናግራ ፈርማ ጨርሳለች። ዳንክ እንዲጨዋወቱ ብሎ ወጣላቸው።

«ማን ሂጂ አለሽ?» አለች ሮዊና።

«ማንም።»

«ሊያስሩሽ ይችላሉ እኮ።»

«እሱም ነግሮኛል።» ማርሊስ ኩባያውን አስቀመጠች። «የኔን ስም ላለማንሳት ብለሽ ያንቺ ስም ቆሽሾ ሊቀር ነው። ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነበር። አሁን አርባዎቹ ውስጥ ገብቼ ከኋላዬ እየመጣሽ አትጥረጊልኝ።»

ሮዊና ልትቆጣም ልታለቅስም ዳዳት። በመጨረሻ ከእህቷ አጠገብ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትከሻዋን በትከሻዋ ነካ አደረገቻት።

ወሬው ቀድሟት ሶልበርግ ዘንድ ደርሶ ኖሮ ቤቷ ስትገባ ስልኳ ይጮህ ነበር። አሁን የፖሊስ ማስረጃ ስላላት ረቂቁ እንዳለ ቢጸድቅም ለእሷ እንደሚበቃት፣ በዚህ በረዶ መንዳት እንደማያስፈልጋት ሽማግሌው በቅንነት ነገራት።

«ቤንዚን ሞልቼ ጨርሻለሁ» አለችው።

የኮሚቴው ክፍል ሙቀቱ ከልክ ያለፈ፣ ወንበሩ የማይመች ነበር። መጀመሪያ የተናገረው የድርጅቶቹ ተወካይ ነው፤ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ነገሩን በቅጡ የሚያስረዳ ሰው። ማንም ሰው እንደፈለገ ፋይሉን ይቆልፍ ከተባለ የሚጎዳው ራሱ ሸማቹ እንደሆነ አስረዳ። ቅዳሜ መኪና ሊገዛ የሄደ ቤተሰብ ፋይሉ እስኪከፈት ቀናት ይጠብቃል፤ የሚወደው መኪና እስከዚያ ይሸጥበታል። የዛሬ ሰው የሚፈልገው እዚያው ቆሞ ብድር ማግኘት ነው። አባላቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሮዊናም ሰውየው ሥራውን አሳምሮ እንደሚያውቅ በልቧ መሰከረችለት።

ተራዋ ደረሰ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ «ወይዘሮ ቲቤትስ፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልን» አሏት።

«አያስቡ። በአጭር ጊዜ ብዙ መናገር ሥራዬ ነው» ስትል ክፍሉ ሳቀ። የሚያውቋት ሁለት ገበሬ የሆኑ አባላት ከሁሉም በላይ ሳቁ። እሷ ግን ያን ቀን ቀስ ብላ ተናገረች።

«ከብት አጫራች ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት ሰው ማጣደፍ ነው። በፍጥነት የምጠራው ሰዎቹ እንዳያስቡ ነው፤ ይሄንን እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አልደብቅም። ሲጣደፉ ዋጋ ይጨምራል፣ ሻጩ ይደሰታል፣ እኔም ድርሻዬን አገኛለሁ። እኚህ ጨዋ ሰው ችኮላው ለገዢው ነው ሲሉ ሰማሁ። በኔ አዳራሽ ችኮላ ለገዢ የጠቀመበትን ቀን አላስታውስም። መኪና የሚገዛ ሰው ሦስት ቀን ቢጠብቅ መኪና አያጣም። ሻጩ ገዢ እንዳያጣ ነው የሚፈራው።»

ተወካዩ ፈገግ አለ፤ አልተቀየመም።

ቀጠለችና ስለ እህቷ ተናገረች። ማርሊስ ስሜን ጥሪ ብላታለችና ጠራቻት። በስልክ የተጠየቀችውን፣ መዋሸት እንኳን እንዳላስፈለጋት ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚቁነጠነጥ ሰው አልነበረም።

ከአባላቱ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን ወይዘሮ ቲቤትስ፣ የእርስዎ ጉዳይ በዚህ ረቂቅ ተፈቷል። ማስረጃውን አግኝተዋል።»

«አግኝቻለሁ። እህቴ ደፋር ሆና ነው። እናንተ ግን ሌባው ራሱ ሄዶ እስኪናዘዝ የሚጠብቅ ሕግ ልታወጡ ነው። ቤቴን ለመቆለፍ መጀመሪያ መዘረፍ አለብኝ? ፖሊስ ጣቢያ ሄጄስ ማን እንደዘረፈኝ ልንገር? በሩ የኔ ነው፣ ስሙም የኔ ነው። ስፈልግ ልዝጋው።»

ሰብሳቢዋ አመሰገኗት። ከዚያ ሮዊና ያልጠበቀችው ሆነ። ሽማግሌው ሶልበርግ እጁን አንሥቶ፣ የፖሊስ ማስረጃ የሚለው ሐረግ ከረቂቁ እንዲወጣ ራሱ ሐሳብ አቀረበ። ድርጅቶቹ ሊጥሉበት እንደሚችሉ አሳምሮ ያውቃል። ድምፅ ሲሰጥ በጠባብ ልዩነት አለፈ። በዋናው ምክር ቤትም ክርክሩ ከርሞ፣ ማስረጃ የሌለው ሰው ሲያስቆልፍ ጥቂት ዶላር ይክፈል የሚል ተጨምሮበት ጸደቀ። ሮዊና ስለ ክፍያው ለሶልበርግ ደውላ አጉረመረመችበት፤ ከዚያም ትልቅ ሥራ እንደሠራ ነገረችው።

የጨረታውን አዳራሽ አላገኘችውም። ስሟ እስኪጸዳ ወራት ፈጀ፤ ክሩገር ደግሞ መጠበቅ ስላልቻለ ከጎረቤት ወረዳ ለመጣ ሰው ሸጠው። አንድ ሰሞን በጣም ተናደደች። ከዚያ አዲሱን ባለቤት አስቀምጣ፣ ያለእሷ ሐሙስ ማን እንደሚመጣለት ጠየቀችው። ድርሻዋን ከፍ አድርጎ፣ ሲሸጥም ከማንም በፊት ለእሷ እንዲሸጥ ፈርሞላት ተነሣ። ጊዜ አለኝ አለች፤ ከልቧም ታምንበት ነበር።

ፍርድ ቤቱ ማርሊስን ወህኒ አላወረዳትም። በክትትል ሥር ሆና ዕዳውን በየወሩ እንድትከፍል፣ ቁማር ቤት ደጃፍ እንዳትደርስ አዘዛት። በአንድ መጋዘን የጭነት ሥራ ያዘች፤ ወገቧን እያመማት አንድም ቀን አልቀረችም።

ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት ሳምንት ሮዊና ደብዳቤዎቿን ይዛ ፖስታ ቤት ስትሄድ ከፊቷ ሽማግሌው ክሩገር ተሰልፎ አገኘችው። እሱም ለእነዚያው ድርጅቶች የተጻፉ ፖስታዎች ይዟል። ማንን ፈርቶ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ኮፍያውን ነካ አደረገላት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት፤ ሁለቱም ስለ ድርቆሹ ዋጋ እያወሩ ተራቸውን ጠበቁ።

በዚያው እሑድ ማርሊስ ምሳ መጣች። ሮዊና የበሬ ሥጋ በድንችና በካሮት ጠብሳ ነበር። በልተው ሳይጨርሱ ማርሊስ ሹካዋን አስቀመጠች።

«አሁን ታምኚኛለሽ?»

ሮዊና ልትዋሽላት ትችል ነበር። «ገና ነኝ» አለቻት። «ግን ፋይሉ ተቆልፏል። ካንቺ ጋር ለመብላት አንቺን ማመን አያስፈልገኝም። እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን።»

ማርሊስ ትንሽ አሰበችበትና ሳህኗን ገፋ አደረገችላት። ሮዊና ድንች ጨመረችላት።