ለጀግናዋ ግማሽ ሜትር

ጎረቤቴ ዘይቡ በአጥሩ በኩል ጠርታኝ ነው የነገረችኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነጋሳ፣ ባህሪያ የቴአትሩን ልብስ እስከ ሐሙስ ሰፍታ ካልለበሰችው የስፌት መኪናውን ነጥቄ ለሌላ እሰጣለሁ ሲል በጆሮዋ ሰማችው። ወላሂ ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ባህሪያ የልጄ ልጅ ናት። ቀበሌው ስፌት ቤት መኪና ላይ ተቀምጣ እኔንም ራሷንም የምታበላው እሷ ናት።

ነገሩን ያመጣው ወልደሰማያት ነው፣ ዘይቡ ጓሮ ተከራይቶ እርሻ የሚማረው ልጅ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ ሰው እየበረረ ወንበዴ የሚደበድብበት። ነጋሳ አየውና ለአብዮት በዓሉ ቴአትር ልብሱ እንዲህ ይሁን አለ። ጀግናው እሱ ራሱ፣ ጀግናዋ ባህሪያ።

እኔ ከፊደል ብዙ አልዘለቅኩም፤ ሥዕል ግን አያቅተኝም። ወንድዬው ከአንገት እስከ እግር ጥፍሩ ተሸፍኗል፣ ከኋላው ካባ ሁሉ አለው። ሴቲቱ ግን፣ አስተግፊሩላህ፣ ገላዋን ስትታጠብ እሳት ተነሳ ብለው የጠሯት ነው የምትመስለው። ጡቷ ከሷ ቀድሞ ይሄዳል። ጠላት ፊቷ ቆሞ እሷ ዞራ መቀመጫዋን ታሳያለች። ሦስቴ አገላበጥኩት፣ ለማረጋገጥ ብዬ ነው።

ባህሪያ በሜትሯ አሰላችው። ለወንዱ አራት ሜትር፣ ለሴቷ ግማሽም አይሞላ።

"አኮዬ፣ ይሄን የሚይዘው ነገር የለም፤ ለመምታት እጄን ባነሳ ይወልቃል" አለችኝ።

አልለብስም እንዳትል መኪናው አለ። እኔ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ስል ሰነበትኩ።

ሐሙስ ቀበሌው አዳራሽ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ብቻዬን ፈርቼ ጓደኛዬን ወርቂቱን ቡና ለቀማ ከምትውልበት መጋዘን ጠራኋት፤ ገለባው ነጠላዋ ላይ እንዳለ መጣች። የኪነት ልጆች ሁሉ ተሰብስበዋል። ባህሪያ የነጋሳን ልብስ አስረከበች። የራሷን በሥዕሉ ልክ ቆርጣ፣ ሳትሰፋው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መሐረብ ያህላል። ልጆቹ ተንሾካሾኩ።

ነጋሳ ይሄ ኋላ ቀርነት ነው፣ አብዮቱ ሴትን ነፃ አውጥቷል፣ ታጋይ ሴት ቀለል ብላ ነው የምትለብሰው እያለ ብዙ ተናገረ። ማሎ ጓድ፣ ልጅ እኮ ናት ብዬ ለመንኩት።

"እማማ ዙቤይዳ፣ እርስዎ አይገባዎትም። ለውጊያ የሚመቸው እንዲህ ያለው ነው።"

ከዚያ መኪናውን ዛሬውኑ ታስረክብ አለ። ባህሪያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

ወርቂቱ ገለባዋን እያራገፈች ተነሳች። ቁራጯን ጨርቅ አነሳችና የነጋሳ ቦርጭ ላይ ለካቻት።

"ጓድ ነጋሳ፣ ለውጊያ የሚመቸው ይሄ ከሆነ አንተ ልበሰው። ያንተን ለሷ ስጣት።"

ባህሪያ ሜትሯን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገች።