ሳተላይት ያመለጠችው መቶ አለቃ

ባልካሽ ሐይቅ ዳር ባለው መንደራችን ሳይረን ከጮኸ ሞተር የሚባል ሁሉ ጸጥ ይላል። አጠገባችን የሰፈሩት ወታደሮች ሰማይ ላይ አንዲት ድብልብል ሳተላይት ሰቅለዋል። ሥራዋ መዞርና መታየት ብቻ ነው፤ ልክ እንደ አክስቴ ልጅ እንደ ዛውሬ። ትልቁ ራዳር እሷን እያየ ነው የጠላት ሚሳይል መለየት የሚለማመደው። ስታልፍ መኪና ከተነሳ ይረበሻል አሉ።

ያን ቀን እናቴን ምጥ ያዛት። ልጁ በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ መጣ። አዋላጇ "ይሄ የኔ አቅም አይደለም፣ ሐኪም ቤት!" አለች። አባቴ በዓሣ መኪናው ጭኗት የወታደሮቹ ኬላ ጋ ስንደርስ ሳይረኑ ጮኸ።

"ሞተር አጥፉ!"

አባቴ አጠፋ። የኬላው አዛዥ መቶ አለቃ ዛሃርቹክ ወጣ። ገና ወጣት ነው። ዘልዬ ወረድኩ።

"እናቴ ልትሞት ነው!"

"ትእዛዝ ነው እኮ። ትንሽ ታገሺ።"

"እኔማ ልታገስ፤ ልጁን ና አንተው ንገረው!"

መኪናው ውስጥ አየ። እናቴ መጮኽ ትታ ነበር፤ እኔንም ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። የኬላውን አጣና በገዛ እጁ አነሳው።

"ይንዱ!"

"አንተስ ልጄ?" አለ አባቴ።

"ሳተላይቷ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ዞራ ትመጣለች። ሚስትዎ ከሄዱ ይመጣሉ? ይንዱ ነው የምልዎት!"

እናቴም ሕፃኑም ተረፉ። በኛ ወግ የምሥራች ያመጣ ስጦታ ይቀበላል፤ ማምለጥ የለም። ከቀናት በኋላ ኬላው ጋ ሮጥኩ።

"የምሥራች! ወንድ ነው! እናቴም ደህና ናት! በል ስጦታዬን!"

ሳቀ። "በናንተ የተነሳ የዓመት ፈቃዴን ከለከሉኝ፤ ጭራሽ ስጦታም እኔው ልስጥ?"

"ወግ ነው፤ ምን ላርግህ" አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

ገብቶ የሱፍ ሻሽ ይዞ ወጣ። አገሩ ፖልታቫ ላለች እናቱ ገዝቶት ነበር። "እስክሄድ ድረስ ሱፉን ብል ይበላዋል። ለእናትሽ ስጫት።"

ሳላመሰግነው ሻሹን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ሻሹን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ የተጨሰ ዓሣ አሸክማ መለሰችኝ። "እናቱ እስክታገኘው እኔ አለሁለት። እሁድ እሁድ እኛ ጋ ነው የሚበላው በዪው። አንቺም አመስግኚውና አፍሽን ዝጊ።"

አመሰገንኩት።

መቶ አለቃው እሁድ መጣ፤ አበላሉ ግን! እናቴ ሳህኑ በጎደለ ቁጥር ትሞላለታለች፣ ወንድሜ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል። ይብላ። ደግ ሰው ይጥገብ።