ገማቹ ሳያይ አይነካም

ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። አልጋውን አነጠፈች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ሻይ ጣደች፤ ከጎረቤት የመጡትን ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ደረደረች። ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር።

«ግንቡ ማዘንበሉን እያየ፣ እላዩ ላይ እስኪወድቅ ዝም ይላል?» አሉ የባሏ አጎት፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው። «እኔ ብሆን በማግስቱ ነበር የማፈርሰው።»

«ዛሬ ነገ ሲል ነዋ» አለች ጎረቤቲቱ። «አፈሩ ይቅለለውና፣ ዳተኛ ቢጤ ነበር።»

የሟቹ እናት አንገታቸውን ደፉ። ምራታቸው ሻይ ቀዳች።

ዳተኛ! እሱ? የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ምሳውን ትቶ የሚነሣ ሰው። ቤቱንም ግቢውንም ኢንሹራንስ ያስገቡት በእሷ ጉትጎታ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ነፋስ የሎሚውን ዛፍ ገንድሶ የግንብ አጥሩ ላይ ሲጥለው፣ ግንቡ አዘነበለ። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መዶሻና ገመድ ይዞ ወጣ።

«ተው!» አለችው ከበረንዳው። «ገማቹ ሳያይ አይነካም። የኢንሹራንሱን ውል አንብቤዋለሁ።»

«ግንቡ እኮ ውል አያነብም፣ እሜቴ።»

«አንተ ሁልጊዜ እጅህ ይቀድማል። አንድ ቀን እንኳ የተማረ ሰው ስማ!»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ይደውላል፤ «ነገ» ይሉታል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከግንቡ ሥር ጽጌረዳ ሊያጠጣ ጎንበስ አለ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሜትርና ፋይል የያዘ ጎልማሳ፣ የኢንሹራንሱ ገማች፣ በሩ ላይ ቆመ። ለቀስተኛውን ሲያይ ደነገጠ።

«ይቅርታ እትዬ፣ አልሰማሁም። ሌላ ቀን...»

«ይመልከቱት» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

ሰውየው የተከመረውን ብሎኬት አየ፤ ሜትሩን ሳይዘረጋ ኪሱ ከተተው። «ለምን አስቀድማችሁ አላፈረሳችሁትም?»

«አትንኩ ይላላ ውሉ።»

«የሚያሰጋ ነገር ሲሆን ግን ፎቶ አንሥታችሁ አስወግዱ ይላል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው። ዛፍና አበባው ደግሞ ለእሳትና ለስርቆት እንጂ ለነፋስ ዋስትና የለውም።»

የሚቀጥለውን ገጽ አልገለጠችውም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ማንም አልሰማም፤ ዝም ካለች ዝም እንዳለች ትኖራለች፣ እሱም ዳተኛ እንደተባለ ይቀራል።

ስትመለስ አጎትየው ገና አልጨረሱም። «ሰው በገዛ ስንፍናው...»

አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማማ፣ ሊያፈርሰው ወጥቶ ነበር። በማግስቱ፣ መዶሻ ይዞ። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»



«ለምን፣ ልጄ?» አሉ አማቷ።

«አውቃለሁ ብዬ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩ። «ሰማህ? ልጄ ዳተኛ አልነበረም።»

ወደ እሷ ግን አልዞሩም። እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች። ተነሺ የሚላት ሰው የለም።