አዎ ብቻ

እኔ ቁጭ ብሎ ማንበብ አይሆንልኝም። እግሬ ይበላኛል፣ እጄ መፍቻ መፍቻ ይለኛል። ስለዚህ የክርስቶስን ትምህርት ለብቻዬ ማጥናት ስጀምር የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዡ ጥግ ከቆመችው፣ ሞተሯ ከወጣላት አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ እገባና አንዲት ትምህርት ብቻ አነባለሁ። አንዲት! ከዚያ ወጥቼ እሞክራታለሁ። መኪና ጠግነህ ሳትነዳው ለባለቤቱ አታስረክብም አይደል? እኔም በኑሮዬ ሳልሞክራት ወደሚቀጥለው አላልፍም አልኩ።

ስለ ቁጣ የሚናገረው ላይ ስደርስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለጊዜው ዘለልኩት። አብሮኝ የሚሠራውን በያጅ የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። ሰው ሁሉ ፍንጣሪ ነው የሚለው። ብረት ሲበይድ ከሚረጨው እሳት ይልቅ ከአፉ የሚወጣው ያቃጥላል። እሱን አጠገቤ አስቀምጦ ቁጣን ተው ማለት ትንሽ ይከብዳል። እናም አለፍኩና ስለ መሐላ የሚለው ላይ ቆምኩ። ይሄስ ቀላል ነው ብዬ! ወይ አለማወቅ!

ጌታ የሚለው ግልጽ ነው። ጭራሽ አትማሉ ነው የሚለው። ሰማይም ምድርም የእግዚአብሔር ናቸው፤ በራሴ ልማል ብትል ደግሞ አንዷን ጠጉርህን እንኳ ማጥቆር ማንጣት አትችልም። እዚህ ጋ ስደርስ ራሴን ዳበስኩት። የማጠቁረውም የማነጣውም የለኝ፤ ካለቀ ቆየ። ብቻ አዎ ስትል አዎ ይሁን፣ አይደለም ስትል አይደለም ይሁን፣ አለቀ።

አለቀ? እስቲ እናንተ ሳትምሉ አንድ ቀን ዋሉ! ለካ አፌ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። “ዘይቱን ቀይረኸዋል?” “እናቴ ትሙት!” “ዕቃው አዲስ ነው?” “ዓይኔ ይጥፋ!” “ለነገ ይደርሳል?” “ስሞት ይደርሳል!” ምስኪን እናቴን በቀን ስንት ጊዜ እንደገደልኳት። ለነገ ደግሞ አይደርስም። እኔም አውቃለሁ፣ ደንበኛውም ያውቃል። ግን ምያለሁ፤ እሱ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እኔም ለጥ ብዬ እተኛለሁ።

ያቆምኩ ዕለት የመጣችው የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት ባልቴት ነበረች። “የሞላህልኝ ባትሪ ይሠራል?” አለችኝ። “አዎ” አልኳት። መሐላውን ጠበቀች። እኔም እስክትከፍል ጠበቅኳት።

“አዎ ብቻ?” አለች።

“አዎ ብቻ።”

ባትሪውን አንስታ ወደ ጎረቤት ጋራዥ ሄደች። ፍንጣሪ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እስኪያስለው ሳቀ። “ጻድቁ፣ በዚህ ዓይነት እኮ ከመጽደቅህ በፊት በረሃብ ታልቃለህ!” አለኝ። ያኔ ነው ስለ ቁጣ የሚለውን መዝለሌ የቆጨኝ።

አንድ ሰው ብቻ ደስ አለው፤ ታናሽ እህቴ። እሷ እኔ ስምል ያደገች ልጅ ናት። ዳቦዋን በልቼ አልበላሁም ብዬ የማልኩላት ገና ጥርስ ሳታወጣ ነው። ነገሩን ስነግራት ሥራዋን ትታ እጄን ያዘችኝ። “ወንድም ጋሼ፣ የምርህን ነው? እንግዲያውስ ካሁን በኋላ አዎ ካልከኝ ሁለተኛ አልጠይቅህም። አምንሃለሁ፣ በቃ” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም፤ ለመሸከምም ከበደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ የቤታቸውን መኪና ይዞ መጣ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከእኔ አምስት ሳንቲም የማያገኝ ዘመድ። ከሰዓት በኋላ እህቴንና ሁለቱን ልጆች ይዞ ታች ቆላ ወደምትኖረው እናታችን ሊወርድ ነው። እናታችን አሟት ገና መነሳቷ ነው፤ የልጅ ልጆቿን ካላየሁ እያለች ነው። መንገዱን የማያውቅ አይረዳኝም። ተራራውን ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ግንብ የመሰለ ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። “ፍሬኗ ስይዘው ይንጫጫል፣ እስቲ እያት” ብሎኝ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

የፊቱ የፍሬን ሸራ አልቋል። አዲስ አመጣሁ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከቀኙ ጎማ ጀመርኩ፤ ሸራውን ቀየርኩ፣ ሸራውን የሚይዘውን ብረት መለስኩ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። ወደ ግራው ዞርኩ። ሸራውን አስገብቼ ቡሎኖቹን በጣቴ እያስያዝኩ ሳለ ፍንጣሪ ከወዲያ ማዶ ጀመረኝ።

“እስቲ ንገረኝ፣ ፖሊስ ይዞ ቢጠይቅህም አትምልም?”

“አልምልም።”

“ሚስትህ ብትጠረጥርህስ?”

“ሚስት የለኝም።”

“ታዲያ በዚህ ጸባይህ ከየት ታገኛለህ! ሰው ካልማለ በምን ይታመናል? ንገረኛ!”

አላስችል አለኝ። መፍቻዬን መሬት አስቀምጬ ተነሳሁ። ስብከት በሉት፣ ጠብ በሉት፣ ብቻ እጄን እያወናጨፍኩ ጋራዡን ሞላሁት። የሚምል ሰው የሚምለው ያለመሐላ ዋሾ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው አልኩት። እውነት ምስክር አትለምንም አልኩት። እንዴት ያለ ንግግር መጣልኝ መሰላችሁ! የእህቴ ባል ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ እኔ ገና በስብከቴ ላይ ነበርኩ። ተመልሼ ጎማውን ገጠምኩ፣ ክሪኩን አወረድኩ።

“ጨረስክ?” አለኝ።

“አዎ።”

“ቁልቁለቱን ይችላል?”

“አዎ።”

አላመነኝም። “ማልልኝ እንጂ፣ ልጆች እኮ ነው የምጭነው።”

“አዎ አልኩህ እኮ! አልምልም።”

ፍንጣሪን አየው፣ ፍንጣሪም ትከሻውን ሰበቀ። መኪናውን አስነስቶ ወጣ። የእኔ ደረት ደግሞ ተነፍቷል! አዎ ብዬ፣ በአዎ ጸንቼ፣ በሁለት ሰው ፊት። ጌታም ያየኝ ይመስለኝ ነበር።

እጄን በቤንዚን ስታጠብ ነው የመጣብኝ። ቡሎን ሲጠብቅ መጨረሻ ላይ እምቢ ሲልህ በክንድህ ይሰማሃል። የቀኙ እምቢ ሲለኝ ትዝ ይለኛል። የግራውስ? በጣቴ ማስያዜ ትዝ ይለኛል። መነሳቴ ትዝ ይለኛል። ስለ እውነት መናገሬማ አንድ ቃል ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ከዚያ ጎማውን መግጠሜ። በመካከል ምንም የለም፤ ባዶ።

አጥብቄዋለሁ አልኩ ለራሴ። ይሄን ያህል ዓመት የሠራ እጅ ሳያውቀውም ያጠብቃል። ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ። ዕቃ መደርደር ጀመርኩ፣ ተውኩት። ድሮ ቢሆን እኮ ምዬ ረስቼዋለሁ! መሐላውን ስል ነገሩ ከእኔ ላይ ይወርድ ነበር፤ ለእናቴ ሞት አስረክቤው እሄዳለሁ። ይቺ ደረቅ አዎ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። የእኔው ናት፤ የምጥልበት የለኝም።

“ምን ሆነሃል? ሆድህን ቆረጠህ?” አለ ፍንጣሪ።

“ግራውን አላጠበቅኩትም መሰለኝ።”

ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው። ለእህቴ ባል ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ለእህቴ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። “ሞተር ሳይክልህን!” አልኩት። “አንተ በዚህ ሁኔታህ አትነዳም” አለና ራሱ አስነሳ። መፍቻና ክሪክ እቅፌ ውስጥ አድርጌ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

መንገዱ ተዘጋግቷል። ጭነት መኪና፣ አውቶቡስ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆመው ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች። “ፍጠን! ምናባህ ትጎተታለህ!” እያልኩ ጀርባውን ደበደብኩት። ልጆቹ በዓይኔ ላይ መጡ፤ ትንሿ መስኮት ስር ካልተቀመጥኩ ብላ የምታለቅሰው። ጌታዬ፣ ካተረፍክልኝ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲያ አደርጋለሁ ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ለካ ይሄም ያው መሐላ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ መውጣት። ዋጥኩት። “እባክህ” ብቻ አልኩ። ሌላ ቃል አላገኘሁም፤ እባክህ፣ እባክህ እያልኩ ደረስን።

መኪናዋ እህቴ ቤት በር ላይ ቆማለች። ሞተሯ ተነስቷል። ልጆቹ ከኋላ ታስረዋል። መሪውን የያዘችው እህቴ ናት፤ ባሏ ደግሞ ከፊት ለፊት ቆሞ ሁለት እጁን ኮፈኑ ላይ ተክሏል፤ ለካ ስልኩን ያላነሳው ለዚህ ነው።

“ዘወር በል!” ትለዋለች በመስኮት። “አንተ ካልነዳህ እኔ እነዳለሁ፣ እናቴ እየጠበቀችኝ ነው!”

“በአውቶቡስ እንሂድ አልኩ እንጂ እንቅር መች አልኩሽ?”

ስታየኝ ፊቷ በራ። “ወንድም ጋሼ! እንኳን መጣህልኝ! እስቲ ይሄን ጉድ ስማልኝ፤ ‘ወንድምሽ አልማለልኝም፣ አልነዳም’ ይለኛል። አዎ ካለ አዎ ነው፣ ወንድሜ እንደ ድሮው አይደለም ብዬው ሞትኩ! ይይዛል ብለኸው የለ? ንገረው!”

በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያላመነኝ ሰው ከመኪናው ውጭ ቆሟል። ያመነችኝ ልጆቿን ይዛ ውስጥ ተቀምጣለች።

“ሞተሩን አጥፊው” አልኳት።

“ምን?”

“አጥፊው። አዎ ማለት አልነበረብኝም። አላወቅኩም ነበር። ልጆቹን አውርጃቸው።”

ቁልፉን አዞረች። ልጆቹን አወረደች። ክሪኩን ደግኜ የግራውን ጎማ አወለቅኩ። ለፍሬኑ ቡሎኖች መፍቻ አላስፈለገኝም። የላይኛው ቡሎን በሁለት ጣቴ ዞረ፣ ዞረ፣ መዳፌ ላይ ወደቀ። እህቴ ትንሿን ታቅፋ አናቴ ላይ ቆማ ታያለች።

“አየሽ” አለ ባሏ፣ ግን ለመዘባበት አይደለም። “ይሄ ሰው ሲዋሸኝ እንኳ እየማለ ነው። ዛሬ መሐላውን ሲተው ምን ያወቀው ነገር አለ ብዬ ፈራሁ።”

ያተረፋቸው ይሄ ነው እንግዲህ። የእኔ እውነተኝነት አይደለም፤ የእኔ ቃል ምንም ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። እኔ በአዎዬ ደረቴን ስነፋ፣ እሱ ድሮ የዋሸሁትን ሁሉ ደምሮ አዎዬን ጣላት። ደግ አደረገ። አለቀስኩ ብላችሁ ልዋሽ እችል ነበር፤ አላለቀስኩም። በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ ስለማላውቅ ለልቅሶ ቦታ አልነበረኝም።

ቡሎኖቹን መለስኩ። ጠበቁ፤ ክንዴ ላይ እምቢ ሲሉኝ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከርኳቸው። የቀኙንም ጎማ አውልቄ አየሁት። ጎማዎቹን መለስኩ፣ ክሪኩን አወረድኩ፣ ብቻዬን ገብቼ ሰፈሩ ጫፍ ያለችውን ዳገት ወጥቼ ወረድኩ፣ ረገጥኩ፣ ቆመች። ተመልሼ ወጣሁ።

“አሁን ይይዛል” አልኩ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እጄን ይዛ አምንሃለሁ ያለችኝ ያቺ ልጅ፣ ቀስ ብላ፣

“ማልልኝ” አለች።

ከመቱኝ ሁሉ ያ ነው የመታኝ። መሐላዎቼ ሁሉ ተሰልፈው አፌ ድረስ መጡ። እናቴ ትሙት ብል እኮ አለቀ፤ ልጆቿን ጭና ትሄዳለች፣ እኔም ጋራዤ እመለሳለሁ፣ ልቤም ያርፋል። እናቴ ደግሞ ታች በር በሩን እያየች ነው።

“አልምልም” አልኳት። “አላምንህም ብትዪ እውነትሽን ነው። በአውቶቡስ ሂዱ፣ አልቀየምም። ግን ስትጠይቂኝ የምልሽ ያው ነው። አጥብቄዋለሁ፣ ነድቼ አይቼዋለሁ። አዎ።”

ቆመች። ባሏን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ልጆቹን አየች። ከዚያ ትልቁን ልጅ ወደ አንዱ መስኮት፣ ትንሿን ወደ ሌላው መስኮት አስቀምጣ አሰረቻቸውና በሩን እንደከፈተች ያዘችው።

“ግባ” አለችኝ።

“እኔ? በዚህ ቱታ? ዘይት ብቻ ነኝ እኮ…”

“አዎህን ይዘህ ግባ።”

ገባሁ። በሁለቱ ልጆች መካከል፣ ጉልበቴ አገጬ ድረስ ተጣጥፎ። ትንሿ ቱታዬን በጣቷ ነካችና ጥቁር ጣቷን እያየች ሳቀች። ባሏ መሪውን ያዘ፣ እህቴ ከፊት ተቀመጠች። ከከተማ ወጣን። መንገዱ አፉን ከፍቶ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ፣ ባሏ ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘ። እህቴ ገደሉንም ግንቡንም አላየችም፤ ዞራ የምታየው እኔን ነበር።