እማዬን ማን ይሸከማት?

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ የሱፌን ወንድም ግን ገና ሰማይ ላይ ነው። እሷ ኮረብታው ላይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ፣ የእናቷ አጥንት ያለበትን ገንቦ ከፀሐይ ጋርዳ ቆማለች። ከታች አራት ዶዘሮች ሞተራቸውን አስነስተው ይጠብቃሉ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ኮረብታው ለአዲሱ ማኮብኮቢያ ይደለደላል። እስከዚያ ድረስ ሰው ያልወሰደው ገንቦ ሁሉ ባለቤት የለውም ተብሎ ይጫንና፣ ከማንም አጥንት ጋር አንድ ጉድጓድ ይገባል።

"ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው በአውሮፕላን የሚመጣው?" አሉ አጎቷ ዴዪን፣ የኩዋንግ ዘር ሽማግሌ። "ባቡር ትናንት ያስገባው አልነበረም?"

ያስገባው ነበር። ሩንባንግ ግን በስልክ ስቆባት ነበር፦ "አውሮፕላኑ እኮ የሚያርፈው እማዬ ራስጌ ነው፣ እቴቴ! ወርጄ በአሥር ደቂቃ እደርሳለሁ።" ያን ጊዜ ሱፌን ዝም አለች። አሁን በዝምታዋ ራሷን ትረግማለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዚያን አየር ማረፊያ ወለል የወለወለች ሴት እንዴት ዝም ትላለች! ስትቀጠር አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በግማሽ ቀን ትጨርሰው ነበር። ከዚያ አንዱ ሕንፃ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት ሆኑ፣ በመሀላቸው ባቡር ገባ። የአባቷ የጎደሬ ማሳ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ዛሬ ዳር ካለው በር የወረደ መንገደኛ ሻንጣው ጋ እስኪደርስ ሩዝ ተጥዶ ይበስላል።

"እኔ ልሸከማት፣ አጎቴ?" አለች፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

"አበድሽ እንዴ? ያገባች ሴት የእናቷን አጥንት ከተሸከመች በረከቱ ወደ ባሏ ቤት ነው የሚሄደው። የወንድምሽ ቤት ይደርቃል! ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሦስት ጊዜ አስወርዷት ይህን ፅንስ አግኝታ፣ አንቺ ልትነጥቂያት ነው?"

ነገሩን እሷም ከልቧ ታምንበታለች። እሳቸው ራሳቸው እንዳይሸከሙ፣ የወንድም ሚስት አጥንት መንካት ነውር ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የእናቷ አጥንት ከመሬት ወጥቶ ገንቦ ሲገባም፣ ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል የደረደረው ሩንባንግ ነበር። የሱፌን ድርሻ ጃንጥላ መያዝ ብቻ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። "እቴቴ! አርፈናል!"

"ተመስገን! የትኛው ማኮብኮቢያ ላይ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! በመስኮት ቀያይ ክሬኖች ይታዩኛል።"

ክሬኖቹ ያሉት በምዕራብ ዳር፣ ከኮረብታው በጣም ርቆ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። "አትደርስም፣ ወንድሜ" አለችው።

"እሮጣለሁ!"

"በሩ ተከፍቷል?"

"አልተከፈተም። ቆመን ተራ እየጠበቅን ነው።"

"እኔ ልሸከማት? አንተ እሺ ካልከኝ እሸከማታለሁ።"

ከወዲያ የሕፃን ለቅሶና የአስተናጋጇ ድምፅ ብቻ ይሰማል። "ሚስቴ... እቴቴ፣ ታውቂያለሽ እኮ። እባክሽ ጠብቂኝ።"

ጠበቀች። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት። ላቧ ጀርባዋ ላይ ወረደ። ነጭ ሰደርያ የለበሰው መዝጋቢ ወጣት መዝገቡን በብብቱ፣ የቀለም ቆርቆሮውን በእጁ ይዞ ወጣ። ባለቤት ያልመጣላቸውን ገንቦዎች በነጭ ቀለም እየቀባ ነው የመጣው።

"እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ልቅባው?" ብሎ ብሩሹን ነከረ።

"እጅህን ሰብስብ!"

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። "ጻፍ። ወሳጅ፣ ኩዋንግ ሱፌን።"

"ይሄ... የወንድ ልጅ ስም የሚሞላበት ነው፣ እትዬ።"

"እኔንም የወለደችኝ እሷው ናት። ጻፍ አልኩህ!"

"ሱፌን!" አሉ አጎቷ። "ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆን በማን ታመካኛለሽ?"

"በኔ" አለች። ተንበረከከች፣ ገንቦውን አቅፋ ተነሳች። ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። የጃንጥላውን እጀታ በአንገቷና በትከሻዋ መሀል ወትፋ ወደ አዲሱ መቃብር የሚወስደውን ቁልቁለት ተያያዘችው። ለሟች መንገዱን እየነገሩ መሄድ ግድ ነውና፣ በሹክሹክታ ጀመረች፦

"እማዬ፣ ተነስተናል፣ ተከተይኝ። በረከትሽን ለኔ እንዳትሰጪኝ፣ ሰማሽ? እኔ ተሸካሚ ብቻ ነኝ። ለሕፃኑ ስጪው፣ አደራሽን። እዚህ ጋ ድንጋይ አለ። አሁን መንገድ እንሻገራለን። ይሄ የጎደሬ ማሳችን ነበር፣ መኪናዎቹን አትፍሪያቸው።"

አጎቷ ተከተሏት፤ ከኋላቸው ዶዘሮቹ አጓሩ። ዞራ አላየችም።

መንገዱን ግማሽ ያህል እንደሄዱ አንድ ሞተር ብስክሌት አጠገባቸው ቆመና ሩንባንግ ዘሎ ወረደ። ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኗል። የተገመሰውን ኮረብታ፣ ቀዩን አፈር፣ እየተጫኑ ያሉትን ባለነጭ ቀለም ገንቦዎች አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ስጪው! ቶሎ ስጪው፣ ሳይረፍድ!" አሉ አጎቷ ከኋላ።

ሩንባንግ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሱፌን አልቆመችም። ክንዷ ዝሏል፣ አንገቷ ጠሟል፣ ግን አልቆመችም።

"ጠብቂኝ ብዬሽ ነበር" አለ፣ አብሯት እየተራመደ።

"ብለኸኝ ነበር።"

"ብትጠብቂኝ ኖሮ..." አለ። የተዘረጉ እጆቹን አየት አደረገና ፊቱን ጠረገባቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጃንጥላውን ከአንገቷ ላይ አነሳ፣ ከእሷና ከገንቦው በላይም ከፍ አድርጎ ያዘ።

አጎት ዴዪን አፋቸውን ከፈቱ፤ በላያቸው አውሮፕላን ያልፍ ስለነበር ያሉትን የሰማ የለም።

"እማዬ" አለች ሱፌን የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲርቅ፣ "ሩንባንግ መጥቷል። ጃንጥላሽን ይዞልሻል።"